የሠሪው ሐሳብና የአዋላጆቹ ቤት

ጡረታ የወጣ የቋንቋ መምህር ሥራ ፈት ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። እኔ ለምሳሌ በየሱቁ ማስታወቂያ ላይ የተሳሳቱ ፊደላትን ሳርም እውላለሁ። ማንም አልለመነኝም፤ ማንም አላመሰገነኝም። በዚያ ቀንም ጫማዬን ከጫማ ሰፊው ላመጣ ወጥቼ አንድ ፋርማሲ ደጃፍ ላይ ከአንድ ፊደል ጋር ስከራከር፣ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ወረደብኝ። ያገኘሁት የመጀመሪያ በር ውስጥ ዘው አልኩ። በሩ የአዋላጆቹ ቤት ነበር።

ይህን ቤት ያቋቋሙት ጥቂት አዋላጆች ናቸው። ነፍሰ ጡሮችን ይከታተላሉ፣ ያዋልዳሉ፣ ከዚያም አራሶችን በየቤታቸው እየዞሩ ይጠይቃሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል የሕፃን ሚዛን፣ በሌላ በኩል ለመውጣት የተዘጋጁ ቦርሳዎች በመስቀያ ላይ ተደርድረዋል። ባልዲ ውስጥ የቆሙ ጃንጥላዎች ውሃ ያንጠባጥባሉ።

የቤቱ ኃላፊ እትዬ ቀስበይ ናቸው። ስማቸው አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት፣ የሚፈጥነውን ሹፌር፣ ስልክ ላይ የሚጮኸውን ባል፣ ሁሉንም እኩል “ቀስ በይ፣ ቀስ በል” ስለሚሉ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው፤ እሳቸውም አልተቀየሙም።

“መምህር! ምን አመጣዎት? ምጥ ነው?” አሉኝ ገና ሲያዩኝ።

“ዝናብ ነው፣ እትዬ። ምጡ ገና ነው።”

“እንግዲያው ይቀመጡ፤ ዝናቡ እስኪያባራ የደም ግፊትዎን ልለካ። ደግሞም ዳኛ ፈልጌ ነበር፤ እግር ጥሎዎታል።”

ዳኛ ለምን እንዳስፈለጋቸው ወዲያው ገባኝ። በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ የእህታቸው ልጅ ታብሌት ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ቀልቷል። እሷም አዋላጅ ናት፤ ተምራ፣ ተመርቃ፣ ከአክስቷ ጋር መሥራት ከጀመረች ቆይታለች። ሥራ ላይ አክስቷን “እርስዎ” ትላለች። ሲብስባት ግን “አንቺ” ያመልጣታል። እኔ ስገባ “አንቺ” ላይ ደርሰው ነበር።

“ይፍረዱን” አሉ እትዬ ቀስበይ፣ መለኪያውን ክንዴ ላይ እየጠመጠሙ። “ከሰሞኑ በሙከራ የያዝነው ፕሮግራም አለ። ማን ማን ቤት ይሂድ፣ የማን ደም ግፊት ከፍ ብሎ ነበር፣ የማን ሕፃን ክብደት ቀነሰ፣ ሁሉን ጠዋት ጠዋት ይነግረናል። መጀመሪያ ታብሌት አልይዝም ብዬ ያስቸገርኩት እኔው ነበርኩ። አሁን ለመድኩት፤ እግሬም ጭንቅላቴም አረፈ። ነገ ውል ልንፈርም ነው። ይቺ ልጅ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለች። ለምን ቢሉ፣ ሰውየው መጥፎ ተናገረ!”

“የትኛው ሰውዬ?”

“የኩባንያው መሥራች ነው፣ ጋሼ” አለች ልጅቱ። “ቃለ መጠይቁን ሰማሁት። ‘የወለደች ሴት ለድርጅት ግማሽ ሠራተኛ ናት፤ የወሊድ ፈቃድ ማለት ለባከነ ጊዜ መክፈል ነው’ ይላል። ጠያቂዋ ‘እናቶቹስ?’ ስትለው፣ ‘እናት ከወለደች ሥራዋን ጨርሳለች፤ ተስፋ ያለው ልጁ ላይ ነው’ ብሎ ሳቀ። ሳቀ እኮ! ይሄ ሰው ነው ለእናቶች ቤት ፕሮግራም የሚሸጥልን።”

“አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም” አሉ እትዬ። “ሰው ካሜራ ሲያይ ስንቱን ይቀባጥራል።”

“አላመለጠውም፣ አክስቴ። በሄደበት ሁሉ የሚናገረው ነው።”

“ይሁን፤ ይመንበት።” ከኪሳቸው መቀስ አወጡ። “ይሄን እዪው። በዚህ መቀስ የስንቱን እትብት ቆርጫለሁ። የሠራው ሰው ሚስቱን ይውደድ፣ ይጥላ፣ ጠይቄ አላውቅም። ይቆርጣል ወይ? ተቀቅሎ ይነጻል ወይ? በቃ። ያዋለድኳቸውስ ቢሆኑ? የሌባም ሚስት፣ የዳኛም ሚስት አዋልጄያለሁ። ‘መጀመሪያ አመለካከትሽን አስረጂ፣ ከዚያ ትገላገያለሽ’ ልበላት?”

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እውነቱን ለመናገር እትዬ የረቱ መስሎኝ ነበር። እኔ ራሴ መዝገበ ቃላት ስገዛ አዘጋጁ ከጎረቤቱ ጋር ይስማማ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ዳኛ ግን ሁለቱንም ወገን መስማት አለበትና ወደ ልጅቱ ዞርኩ።

ልጅቱ ግን ከእኔ ይልቅ ወደ አክስቷ ነበር የምታየው። “ለምጥ የመጣችን ሴት አናጣራም፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። እሷ እኛን ፈልጋ ነው የመጣችው። ሻጩን ግን እኛ ነን የምንመርጠው። ደግሞ መቀሱ በእጅዎ ነው፤ ‘ነገ እዚህ ቤት ሂጂ፣ እዚያ ቤት ቅሪ’ አይልዎትም። ይሄኛው ግን ይላል። ጠዋት ተነሥተን የምንሄደው እሱ ወዳለን ነው። መንገድ የሚመራኝ ሰው እናትን ምን ብሎ እንደሚያያት ማወቅ የለብኝም?”

“ታዲያ በዚህ አያያዝሽ ነገ የስልኩን ሠሪ፣ ከነገ ወዲያ የአምፖሉን ሠሪ ስታጣሪ ከቤት ሳትወጪ ትውያለሽ። ንጹሕ ሰው የሠራውን ብቻ እንጠቀም ካልን፣ የኔ ልጅ፣ በጨለማ በባዶ እግራችን ነው የምንሄደው።”

ይህም እውነት ነው። ሰው ሁሉ ጉድፍ አለበት፤ የዕቃ ሁሉ ሠሪ ይመርመር ብንል ጫማዬን እንኳ ከጫማ ሰፊው አላመጣም። ስለዚህ ልጅቱን “ይሄን ብትተዉት ምን ልትይዙ ነው?” ብዬ ጠየቅኋት።

ፊቷ በራ። “ሌላ ኩባንያ አለ። መሥራቹ ስለ እናቶች ሲናገር፣ ጋሼ፣ ያስለቅሳል።”

“አሃ!” አሉ እትዬ ቀስበይ፣ መለኪያውን ከክንዴ እየፈቱ። ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። “አንዱን በንግግሩ ጠላሽው፣ ሌላውን በንግግሩ ወደድሽው። እኔ ደግሞ ሥራ ነው የማየው። በይ አሁን አንዲት ቦታ አሳዪኝ፤ የሰውየው ሐሳብ እዚህ ፕሮግራም ውስጥ የገባበትን አንዲት ቦታ። ካሳየሽኝ እጄን እሰጣለሁ።”

ልጅቱ ታብሌቱን ገጽ በገጽ አየችው። “አላገኘሁም” አለች በመጨረሻ። ማመኗን ወደድኩላት።

“እንዲያውም እኔ የረሳሁትን እንደሚያስታውስ ላሳይሽ” አሉ እትዬ፣ ድል ያደረገ ሰው ድምፅ ይዘው። “ያቺን ልብስ ሰፊዋን ልጅ አምጪልኝ። ሕፃኗ ሞታ የተወለደችባትን። እኔ ነኝ ያዋለድኳት። ማን እየሄደላት እንደሆነ ንገሪኝ።”

ልጅቱ ጻፈች። አጠፋችና እንደገና ጻፈች።

“የለችም።”

“እንዴት የለችም? እንዴት?”

“ቆይ... አለች። ተዘግታለች።” ታብሌቱን ወደ ዓይኗ አቀረበችና አነበበች፦ “‘ክትትል ተጠናቋል። ምክንያት፦ ሕፃን የለም።’”

ልጅቱ ጣቷን እያንቀሳቀሰች ቀስ በቀስ ነገሩን ፈታችው። በዚህ ፕሮግራም ሴቲቱ እስክትወልድ በራሷ ስም ትጠራለች። ከወለደች በኋላ ግን የሕፃኑ ፋይል ይከፈትና እሷ ከሥሩ ትገባለች፤ የቤት ለቤት ጉብኝቱም የሚታዘዘው በሕፃኑ ፋይል ነው። ሕፃን ከሌለ የሚከፈት ፋይል የለም። ጉብኝትም የለም።

እትዬ ቀስበይ ስልካቸውን አነሡና ለባልደረቦቻቸው አንድ በአንድ ደወሉ። መልሳቸው ተመሳሳይ ነበር፦ “እኔ ዝርዝር ላይ አልወጣችም፤ እርስዎ የያዟት መስሎኝ።” ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

“እኔ ደግሞ እነሱ የያዟት መስሎኝ” አሉ። “በፊት እኮ ማታ ስተኛ አራሶቼን በስም እየጠራሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ታብሌቱ ሲመጣ ተውኩት። ያስታውስልኛል ብዬ።”

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። እዚህ ቤት ያሉት ሴቶች ሁሉ ደጎች ናቸው፤ ሁሉም ታታሪዎች ናቸው። ግን ልባቸውን አሳርፈው ለዕቃ አደራ ሰጡት፤ ዕቃውም የሠሪውን ልብ ይዞ ነበር የመጣው።

“መምህር፣ መኪናዎ ትነሣለች?”

“ከተለመነች ትነሣለች፣ እትዬ” አልኩና ቅርብ ካለው ቤቴ ደጅ ላመጣት ወጣሁ።

መንገድ ላይ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ሁሉ “ቀስ” ሲሉ የኖሩት ሴት “ቶሎ ይበሉ፣ መምህር፣ ቶሎ” አሉኝ። ልጅቱ ከኋላ ቦርሳውን ታቅፋ ተቀምጣለች።

ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ነው። በሩን ስትከፍት መቃኑን ይዛ ነው የቆመችው፤ ከንፈሯ ደርቋል። ባሏ ዘበኛ ነው፤ ሥራ ላይ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ ነው። የስፌት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ከአጠገቡ የተቆረጡና ያልተሰፉ ትንንሽ ልብሶች አሉ።

እትዬ ቀስበይ ግንባሯን ነኩና “ትኩሳት አለሽ። ጡትሽም ጠጥሯል። የኔ ልጅ፣ ለምን አልደወልሽም?” አሏት።

“ልጅ የለኝም እኮ፣ እትዬ” አለች። ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ይህ ነው የባሰ የከበደኝ። “የምትመጡት ልጅ ላላት ሴት መስሎኝ ነው። አንድም ቀን ስላልመጣችሁ፣ ለካ እኔ አይመለከተኝም ብዬ ተውኩት።”

እትዬ ቀስበይ ቦርሳውን መሬት አስቀመጡና አጠገቧ ተቀመጡ። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“የምንመጣው ለእናት ነው። አንቺ ደግሞ እናት ነሽ፤ ወልደሻል፣ አምጠሻል፣ ልጅሽን አቅፈሻታል። ያልመጣነው ስላጠፋን ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።”

ሴትዮዋ ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም በሩ ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ትኩሳቱ የማኅፀን ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። ሆስፒታል አደረስናት፤ ሐኪሙ መርምሯት ሲወጣ “እንኳን አልቆያችሁ” አለን። ይህን ሲል ፊቱን አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘን ስንጠብቅ እትዬ ቀስበይ ወደ ኩባንያው ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። የሽያጭ ሠራተኛው ትሑት ወጣት ነው፤ የሆነውን ሲነግሩት ከልቡ አዘነ። ግን “ጉድለት አይደለም፣ እናቴ” አላቸው። “ውጤት በሌለበት ጉብኝት ጊዜ እንዳይባክን ታስቦበት የተሠራ ነው። የመሥራቻችን መርሕ ነው። ሊቀየር አይችልም።”

“እናቴ አልከኝ፣ ልጄ?” አሉት። “የወለደችህስ ደህና ናት?”

“ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ሰላም በልልኝ” ብለው ዘጉት።

ከዚያም ወደ እህታቸው ልጅ ዞረው፣ “ተረታሁ” አሉ። “ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲሉ እሰማ ነበር። ሰውየው አስቀድሞ በአፉ ነግሮን ነበር። ‘እናት ሥራዋን ጨርሳለች’ ነው ያለው። እኔ ነኝ ቀባጠረ ያልኩት።”

ልጅቱ አንገቷን ነቀነቀች። “እኔም አልረታሁም፣ አክስቴ። እርስዎ አልሰሙትም፤ እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቼው ነበር። ሰምቼ ተቆጣሁ እንጂ አልፈለግኩም። ፕሮግራሙ ውስጥ እናት የት ላይ ‘ጨርሳ’ እንደምትቀር በዚያው ቀን ቁጭ ብዬ ብፈልግ ኖሮ፣ ልብስ ሰፊዋ እስከዚህ ባልታመመች። ሰውየውን ስወቅስ የዋልኩበት ጊዜ ነው የባከነው።”

ዳኝነቴን ለመስጠት የደፈርኩት ያን ጊዜ ነው። “እንግዲያው ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችሁ ነበር” አልኳቸው። “የአምፖሉ ሠሪ ስለ እናቶች ምንም ቢያስብ አምፖሉ ያበራል፤ በዚህ እትዬ ልክ ናቸው። ዕቃው በሰው ላይ የሚወስን ሲሆን ግን፣ ማን ይታይ፣ ማን ይቅር የሚል ሲሆን፣ የሠሪው ሐሳብ ጥቆማ ነው። የት ቦታ መፈተሽ እንዳለብን ይነግረናል።”

“ፈትሸን ምንም ባናገኝስ፣ ጋሼ?” አለች ልጅቱ። “የምንከፍለው ገንዘብ እኮ ያንን አፉን ነው የሚያሳድገው።”

መልሱን እትዬ ቀስበይ ቀደሙኝ። “ሁለት ዕቃ እኩል ከሆነ፣ ከማይንቀኝ ሰው እገዛለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እናቶቼን የሚንቅን ሰው በገዛ ገንዘቤ አላደልብም። እኩል ካልሆነና የናቂው ዕቃ የተሻለ ከሆነ፣ ለእናቶቹ የሚበጀውን እይዛለሁ፤ ዓይኔን ግን ከላዩ አልነቅልም። አሁን የዚያን የአስለቃሹን ስልክ ስጪኝ።”

“አሁን? እዚሁ?”

“እዚሁ።”

የሁለተኛው ኩባንያ መሥራች ራሱ ስልኩን አነሣ። ንግግሩ በእርግጥ ጣፋጭ ነው፤ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ስብከት ይወጣዋል። እትዬ ቀስበይ አላስጨረሱትም። “ልጇ የሞተባትን እናት ፕሮግራምህ የት ያስቀምጣታል?” አሉት።

“አላውቅም” አለ፣ ጣፋጩ ድምፅ ጠፍቶ። “አይቼ ልደውል።”

በማግስቱ ደወለ። የእሱ ፕሮግራም እናቲቱን አይዘጋትም፤ ጉብኝቷ በራሷ ስም ይቀጥላል። ግን ለዚያችው ሴት ስልክ “የልጅዎ ክትባት ደርሷል” የሚል መልእክት እየደጋገመ ይልክ ነበር። ይህን የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ልጅቱ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ያን ንግግሩን ሰምታ ያለቀሰችለት ሰው ነው እኮ! መሥራቹ መልእክቱን አስቆመ፣ አስተካከለ፣ እነሱ ራሳቸው ሞክረው “ይሁን” እስኪሉት ድረስም አንድ ሳንቲም አልጠየቀም። ውሉን የፈረሙት ከዚያ በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ክርክር ያተረፈው ማን ነው ብትለኝ፣ መጀመሪያ አራሶቹ ናቸው። ዛሬ በዚያ ቤት ማንኛዋም የወለደች ሴት፣ ሕፃኗ ቢኖርም ባይኖርም፣ በራሷ ስም ትጠየቃለች። አዋላጆቹም አተረፉ፤ ታብሌቱን ይዘውታል፣ ግን በየሳምንቱ ተቀምጠው ያዋለዷቸውን በቃል እየጠሩ ከታብሌቱ ጋር ያመሳክራሉ፤ የጠፋች ካለች ያኔውኑ ትገኛለች። ልጅቱ ከቁጣ በኋላ ፍተሻ እንዳለ ተማረች። እትዬ ቀስበይ ደግሞ የሠሪን ቃል መስማት ሐሜት ማዳመጥ እንዳልሆነ አወቁ፤ አሁን አዲስ ዕቃ ሊሸጥላቸው የሚመጣን ሰው ሁሉ “የሠራው ሰው እናትን ምን ይላል?” ብለው ሳይጠይቁት ወንበር አይሰጡትም። እኔም አተረፍኩ፤ ግፊቴ ከፍ ያለ መሆኑ ያን ሰሞን ተነገረኝ።

ልብስ ሰፊዋ ድና ወደ አዋላጆቹ ቤት ስትመጣ እዚያው ነበርኩ። ልጅቱ ከአጠገቧ አስቀመጠቻትና ታብሌቱን አዙራ አሳየቻት። ከላይ የሴትዮዋ ስም አለ። ከሥሩ ለሕፃኗ ስም የተተወ ባዶ ቦታ አለ።

“ስም አውጥተሽላት ነበር?” አለቻት ልጅቱ በቀስታ። “ካልፈለግሽ ባዶ ይቀራል።”

ልብስ ሰፊዋ ስክሪኑን ብዙ አየችው። ከዚያ የልጇን ስም ተናገረች፤ ከባሏ በቀር ሰው ፊት ስትጠራው የመጀመሪያዋ እንደሆነ ከአነጋገሯ ያስታውቅ ነበር። ልጅቱ ጻፈችው። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቀና አለች።

“እና ለእኔ መቼ ነው የምትመጡት?” አለች።

“ነገ ጠዋት” አሉ እትዬ ቀስበይ።